እሳቱ ዳር የቆመችው መነኩሲት

ከራያ ቆቦ ሜዳ ተነሥቶ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ሽቅብ የሚወጣ መንገደኛ፣ የማሽላውን አገር ከኋላው ጥሎ የገብሱን አገር ሲይዝ፣ የደረሰበትን ስፍራ ከዓይኑ ቀድሞ ሰውነቱ ያውቀዋል። ብርዱ ይነግረዋል። የግዳን ወረዳ ከተማ የሆነችው ሙጃ የተቆረቆረችው በዚህ ደጋ ላይ ነው። ከእርሷ ወዲያ ላስታና ላሊበላ ይቀጥላሉ፤ ከሰንሰለቱ ሁሉ ልቆ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራም የዚሁ ደጋ ራስ ነው። ለዚህ አገር እረኛ ብርድ ወሬ አይደለም፤ ገሳውን ደርቦ፣ ዱላውን ተመርኩዞ፣ በጎቹን ከፊቱ አድርጎ የሚውልበት የዕለት ኑሮው ነው። ለእንግዳ ግን ፈተና ነው። ከአምስት መቶ ዓመት ጥቂት ብቻ የሚጎድለው ዕድሜ ያለው አንድ መጽሐፍም ይህንኑ ይመሰክራል።

መጽሐፉ በዐረብኛ የተጻፈው «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» ነው። ጸሐፊው ሺሃብ አድ-ዲን አሕመድ፣ በቅጽል ስሙ ዐረብ ፈቂህ የሚባለው፣ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ዘመን ሰው ሲሆን፣ የኢማሙን ዘመቻ ከኢማሙ ወገን ቆሞ የጻፈ ነው። በ1525 ዓ.ም. ኢማሙ ወደ ላሊበላ ያደረጉትን ጉዞ ሲተርክ፣ መንገዱ አስቸጋሪ እንደ ነበር፣ ዝናብ እንደ ወረደባቸው፣ ሌሊቱን ሲገሠግሡ ከብርዱ ጽናት የተነሣ ከሠራዊቱ ብዙ ሰው እንደ አለቀ ይናገራል። ከሽምብራ ቁሬ ጦርነት ወዲህ ድል እየለመደ የመጣውን ያን ሠራዊት፣ ጦር ሳይሆን የላስታ አየር አጎሳቈለው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ስለ ብርዱ ማውራት አይደለም። ሠራዊቱ ብርዱን ተሻግሮ ከዐለቱ አብያተ ክርስቲያናት ደጅ ሲደርስ ስላጋጠመው ነገር፣ በተለይም ስለ አንዲት ሴት መናገር ነው። በእርሷም በኩል አድርጎ፣ በክፉ ዘመን የክርስትና እምነት ለሰው የሚሰጠው ድፍረት ምን ዓይነት ድፍረት እንደ ሆነ፣ መለኪያውስ ምን እንደ ሆነ ከላስታ ታሪክ ለመጠየቅ ነው።

በዐለቱ ደጅ

በዚያ ዘመን የክርስቲያኑ መንግሥት መሠረቱ ተናግቶ ነበር። ዐፄ ልብነ ድንግል በ1521 ዓ.ም. ሽምብራ ቁሬ ላይ ከተሸነፉ በኋላ ከአምባ ወደ አምባ የሚሸሹ ንጉሥ ሆነዋል። መኳንንቱ ከፊሉ ሞቷል፣ ከፊሉ ገብሯል። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፤ መጻሕፍት ዐመድ ሆነዋል። ለላሊበላ የሚደርስላት የንጉሥ ጦር አልነበረም።

ዐረብ ፈቂህ እንደሚተርከው ኢማሙ ሲደርሱ መነኮሳቱ አልሸሹም ነበር። ስለ ስፍራው ለመሞት ቆርጠው በአንድነት ተሰብስበው ጠበቋቸው። ኢማሙ ቤተ ክርስቲያኑን ተዘዋውረው አዩት፤ እንደ እርሱ ያለ ከዚያ በፊት አላዩም። ከተራራው የተፈለፈለ ነው፤ ዓምዶቹም ከዚያው ከተራራው የወጡ ናቸው። በሌላ ስፍራ እንደ ተደረገው እሳት ለኩሶ ማጥፋት አይቻልም፤ ከንዋያተ ቅድሳቱ በቀር የሚቃጠል እንጨት የለውምና።

ስለዚህ እሳቱ ለሕንፃው ሳይሆን ለሰው ተዘጋጀ። ኢማሙ እንጨት አስመጥተው አስነደዱና፣ ከናንተ አንድ ከእኛም አንድ ሰው ወደ እሳቱ ይግባ፣ ማንኛችን በእውነት ላይ እንደ ቆምን በዚያ ይታይ ሲሉ ተፈታተኑ። የመነኮሳቱ አለቃ እኔ እገባለሁ አለ። በዚህ ጊዜ ከመካከላቸው አንዲት መነኩሲት ተነሣች። ወንጌልን የሚተረጕምልን እርሱ ሆኖ ሳለ እኛ እያየን እንዴት ይሞታል የሚል ቃል ተናግራ፣ ራሷን ወደ እሳቱ ወረወረች። ኢማሙ «አውጧት» ብለው አዘዙ፤ ጐትተው አወጧት። ከፊቷ ከፊሉ ተቃጥሎ ነበር።

ታሪኩ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ ዐረብ ፈቂህ ስለ ተሰባበረው ንዋይ፣ ስለ ተወሰደው ወርቅና ሐር ይተርካል። የመነኩሲቷን ስም አይጽፍም። ከየት እንደ መጣች፣ ዕድሜዋ ስንት እንደ ነበር አይናገርም። ይሁንና የሆነውን አልሸሸገም። የእርሱ ወገን ለድል የወጣበትን ዘመቻ ሲጽፍ፣ የሌላውን ወገን ድፍረት ከገጹ ላይ ሊያስቀረው ይችል ነበር፤ አላስቀረውም። የኢማሙንም ትእዛዝ እንዲሁ ጻፈው። ያቺ ሴት በእሳት ስትያዝ ሲያዩ ከእሳቱ ያስወጧት ራሳቸው እሳቱን ያስነደዱት ሰው ናቸው። እኒህ ሦስት ሰዎች፣ ማለትም የገባችው፣ ያስወጣትና የጻፈላት፣ በአንድ ቅጽበት ተገናኝተው ነው ታሪኩን ለእኛ ያተረፉልን።

ስለ ቃሉ

ቋንቋችን ለዚህ ዓይነቱ ተግባር የሚሰጠውን ስም መመርመር ይገባል። ወኔ አለን፤ ወኔ ግን የደም ሙቀት ነው፣ ይነሣል ይወርዳል። ጀግንነት አለን፤ ጀግና ግን ባብዛኛው የሚለካው በጣለው ጠላት ነው። ድፍረትም አለን፤ ይህ ቃል ሁለት ስለት ያለው ነው፤ ደፋር ሲሉት የሚመሰገን አለ፣ ደፈረ ሲሉት የሚወገዝ አለ። አባቶቻችን ስለ ሰማዕታት ሲጽፉ የመረጡት የግዕዙን ቃል «ጥብዓት»ን ነው። ጠብዐ ማለት ቆረጠ፣ ጨከነ ማለት ነው።

በአማርኛችንም «ጨከነ» የሚለው ግሥ አቅጣጫ አለው። ሰው በራሱ ይጨክናል፤ ሰው በሰውም ይጨክናል። ቃሉ አንድ ነው፤ ሥራው ግን ሰማይና ምድር ነው። በራሱ የጨከነው ጦሙን ያድራል፣ ከስፍራው አይነቃነቅም፣ ስለ ሌላው ይቆማል። በሰው የጨከነው ያስርባል፣ ያፈናቅላል፣ ያቃጥላል። ሁለቱም «ስለ እምነቴ ነው» ሊሉ ይችላሉ፤ በታሪካችንም ብለዋል። ስለዚህ ስለ እምነት ድፍረት በተነገረ ቁጥር ሊጠየቅ የሚገባው የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህል ደፈረ?» የሚለው ሳይሆን፣ «ወደ እሳቱ የገባው የማን አካል ነው?» የሚለው ነው። የላሊበላዋ መነኩሲት ያቀረበችው የራሷን አካል ነበር። ያቀረበችውም ለክብሯ ሳይሆን ለመምህሯ ምትክ ነው።

«ሰማዕት» የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው። በግዕዝ ስምዕ ምስክርነት ነው፤ ሰማዕት በመሠረቱ ምስክር ማለት ነው፤ ስለ እምነቱ የሞተ የሚለው ትርጉም ከዚያ የመጣ ነው። ምስክር የሚቆመው ለፍርድ ነው፤ ከተፋራጆቹ አንዱን ለመግደል አይደለም።

ከእርሷ በፊት የቆሙት

ያቺ ሴት ድፍረቷን ከየት አገኘችው? የልብን ምሥጢር የሚያውቅ የለም፤ ዘወትር ታየው የነበረውን ግን እናውቃለን። ከቤተ ማርያም ቅጥር ጥግ፣ በዐለቱ ግድግዳ ውስጥ የተፈለፈለች ቤተ ደናግል የምትባል ትንሽ መቅደስ አለች። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሮማዊው ንጉሥ በዮልያኖስ ዘመን በሰማዕትነት እንደ ሞቱ በሚነገርላቸው ደናግል መነኮሳይያት መታሰቢያነት የቆመች ናት። እንግዲህ የላሊበላ መነኩሲት በእሳት ፊት ከመቆሟ በፊት፣ በሥልጣን ፊት ለቆሙ ሴቶች የተፈለፈለ ዐለት በአጠገቧ ነበር። ታሪካቸው ሲነበብ ሰምታለች፣ በበዓላቸው ቆማለች ብንል ከእውነት አንርቅም። ሰው በክፉ ቀን የሚያወጣውን ድፍረት በደኅና ቀን ነው የሚያስቀምጠው፤ ቅዳሴው፣ ስንክሳሩ፣ ጦሙ፣ ሌሊት መቆሙ ማከማቻው ናቸው።

የላሊበላ ሕንፃ ራሱም ይህን ትምህርት የሚያስተምር ይመስላል። ከቤተ ገብርኤል ወቤተ ሩፋኤል ተነሥቶ ወደ ቤተ መርቆሬዎስ በሚወስደው መንገድ፣ ሕዝቡ የሲኦል ምሳሌ የሚለው ጨለማ ዋሻ አለ። ተሳላሚው መብራት ሳይዝ፣ እጁን በዐለቱ ላይ እያሳበ፣ የፊተኛውን ሰው ኮቴ እየሰማ ያልፈዋል። ፍርሃት የለም ተብሎ አይሰበክለትም፤ በፍርሃቱ ውስጥ እንዴት እንደሚራመድ በእግሩ ይማራል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከኢማሙ ዘመቻ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ እነዚህን ሥራዎች አይቶ ሲጽፍ፣ ማንም አያምነኝም ብሎ ስለ ፈራ እውነትነቱን በመሐላ አጽንቷል። እርሱ የማለው ስለ ዐለቱ ነው፤ በዐለቱ ውስጥ ስለ ተቀረጸው ሰው ምስክርነቱን የሰጠው ከላይ እንዳየነው ዐረብ ፈቂህ ነው።

ሚያዝያ 1928

ከ1525 ዓ.ም. በኋላ አራት መቶ ሦስት ዓመት ቈይቶ፣ ላስታ ሌላ ክፉ ዘመን አየች። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር ማይጨው ላይ ተሸነፈ። በቀጣዮቹ ቀናት ወደ ደቡብ በማፈግፈግ ላይ የነበረው ሠራዊት በአሸንጌ ሐይቅ አካባቢ በቦምብና በመርዝ ጋዝ ተፈጀ። ንጉሠ ነገሥቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር ሲያፈገፍጉ በቀጥታ ወደ ደሴ አልሄዱም። በሚያዝያ መጀመሪያ፣ የዚያ ዓመት ፋሲካ በዋለበት ሰሞን፣ የመማረክ አደጋ እያለባቸው ወደ ላሊበላ ታጥፈው በዐለቱ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ለጸሎት ሰነበቱ። በዚያው ሰሞን፣ ሚያዝያ 7 ቀን፣ ጣሊያኖች ደሴን ያዙ።

ይህ ድርጊት እስከ ዛሬ ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰጥበታል። አንደኛው ወገን፣ እያንዳንዱ ሰዓት የወርቅ ዋጋ በነበረበት በዚያን ጊዜ፣ አዛዥ ከጦሩ ተለይቶ በጸሎት መቀመጡ ስሕተት ነበር ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ ሠራዊቱ ያለቀበት፣ አገሩ የሚያመልጠው ሰው ሌላ ምን የሚደገፍበት ነበረው ብሎ ይጠይቃል። የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ ሁለቱንም ፍርዶች በቀላሉ የሚጥላቸው አይደሉም። ጸሎት የሥራ ምትክ ሲሆን ሽሽት ነው፤ የሥራ መነሻ ሲሆን ጥብዓት ነው፤ የቱ እንደ ሆነ የሚታወቀው ሰውዬው ከመቅደሱ ከወጣ በኋላ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ከመቅደሱ ወጥተው ሚያዝያ 22 ቀን አዲስ አበባ ገቡ፤ ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ። ይህንን ብዙ አርበኛ አልወደደላቸውም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የመርዙን ጋዝና የዓለምን ዝምታ ተናገሩ። ያም ምስክርነት ነበር። ይሁንና የእምነትን ድፍረት መለኪያ በእጃችን ይዘን በዚያ ዘመን የተፈጸመውን ስንመረምር፣ የምናቆመው ንጉሡ ዘንድ ሳይሆን እዚያው አገር ውስጥ የቀሩት ዘንድ ነው።

የወሎው ጳጳስና የቀሩት

በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ አቡነ ጴጥሮስ ነበሩ። ትውልዳቸው ሰላሌ ፍቼ ሲሆን፣ የተሰጣቸው ሀገረ ስብከት ወሎ ነው።  ማይጨው ድረስ ከሠራዊቱ ጋር ወርደው፣ ከሽንፈቱ በኋላ ወደ ደብረ ሊባኖስ ተመለሱ። በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ባደረጉት ሙከራ ተካፋይ ሆነው ተያዙ። ለወራሪው እንዲገዙ፣ አርበኞቹንም ሽፍቶች ናቸው ብለው እንዲያወግዙ ተጠየቁ። አላወገዙም። ሕዝቡ ለወራሪ እንዳይገዛ ገዝተው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአደባባይ በጥይት ተደበደቡ።

የእርሳቸው ታሪክ በቴያትራችን ውስጥ ተገቢውን ስፍራ አግኝቷል። መኰንን እንዳልካቸው «የደም ድምፅ»ን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»ን ጽፈውላቸዋል። ተመልካች በእነዚህ ሥራዎች ፊት ለምን እንደሚነካ ለመድረክ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ያውቃል። ጳጳሱ መሣሪያ የላቸውም። ጠላትን የሚጥሉበት ክንድ የላቸውም። ያላቸው እንቢ ማለት ብቻ ነው፤ የእንቢታውም ዋጋ የራሳቸው አካል ነው። ከላሊበላዋ መነኩሲት ጋር የሚያገናኛቸው ገመድ ይህ ነው።

ወራሪውም የዚህን ገመድ ጥንካሬ ያወቀው ይመስላል። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና ዲያቆናት ተረሸኑ። የራሱ የወራሪው የቴሌግራም መዝገብ ያመነው ቁጥር 449 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተደረገ ጥናት ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ አሳይቷል። በዚያው ዓመት ክረምት መጨረሻ ዋግና ላስታ ተነሡ። ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ መርተው ተዋጉ፤ በመስከረም 1930 ዓ.ም. ተገድለው ራሳቸው ተቈርጦ ለሕዝብ እንዲታይ ተደረገ። የጦር ሜዳው ጀግንነትና የመቅደሱ ጥብዓት በዚያ ዓመት በአንድ አገር ጎን ለጎን ወደቁ። አንዱ ለሌላው ስንቅ እንደ ነበረ ለማወቅ፣ አርበኛ ወደ ዱር ሲወርድ ንስሐ አባቱን ይዞ፣ ቆርቦ እንደ ነበር ማስታወስ ይበቃል።

የሌላው ወገን እሳት

እዚህ ላይ ከቆምን ግን ታሪኩን በግማሽ እንነግራለን። ወሎ የክርስቲያን ብቻ አገር አይደለም። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ፣ የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን ትተው ክርስትናን እንዲቀበሉ ታዘዙ። ብዙዎች ተሰደዱ፤ ብዙዎች ቀን ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሌሊት ሙስሊም ሆነው ኖሩ፤ እንደ ሼኽ ጦልሐ ኢብን ጃዕፈር ያሉት ደግሞ በግልጽ ተቃወሙ። ያን ጊዜ እሳቱን ያስነደደው ክርስቲያኑ መንግሥት ነበር፤ በእሳቱ ፊት የቆመው ሙስሊሙ ነበር።

ይህን የምናነሣው ሒሳብ ለማቻቻል አይደለም። መለኪያችን መለኪያ የሚሆነው በሁሉም ላይ እኩል ሲሠራ ብቻ ስለ ሆነ ነው። «ወደ እሳቱ የገባው የማን አካል ነው?» ብለን ለ1525ቱ ዘመቻ ከጠየቅን፣ ለ1870ውም መጠየቅ አለብን። የመነኩሲቷን ጥብዓት የሚያከብር ሰው፣ ስለ ሃይማኖቱ የተሰደደውን የወሎ ሼኽ ጽናት ማክበር አይከብደውም፤ የሁለቱ ዓይነት አንድ ነውና። በአንጻሩ በእምነት ስም ሌላውን ወደ እሳት የሚገፋ ሰው፣ መስቀልም ያንሣ ጨረቃ፣ ድፍረቱ በሰው ላይ መጨከን ነው። ወሎ ይህን ከሁለቱም ወገን ተምራለች። የወሎ ሰው ከአንድ ቤተ ዘመድ ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን ቈጥሮ፣ ለሠርግ ሁለት ድንኳን ተክሎ፣ ለሐዘን ግን በአንድ ድንኳን የሚቀመጠው፣ ይህን ትምህርት በውድ ዋጋ ስለ ገዛው ነው።

ስም የሌለው ድፍረት

እስካሁን የተናገርነው ስለ እሳትና ስለ ጥይት ነው። የላስታ ደጋ ያሳለፈው ክፉ ዘመን ግን ባብዛኛው እሳትም ጥይትም አልነበረውም፤ ረኃብ ነበር። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በክፉ ቀን ከብቱ አልቆ እርሻው ጾም አደረ። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወሎን ሁለት ጊዜ መታት፤ ሕዝቡ ከደጋው ወርዶ ወደ ኮረምና ወደ ሌሎች መጠለያዎች ጐረፈ። ረኃብ ሰውን ከሌላው ሰው ይለያል። እናት ለሁለት ልጆቿ ያላትን አንድ እፍኝ ስትከፍል የምታደርገውን ምርጫ ማንም ገድል አይጽፈውም።

በዚያን ጊዜ እምነት ለሰው የሰጠው ድፍረት መልኩ ምንድን ነው? በሰማይ ላይ የሚታይ አይደለም። ማኅበርተኛው ጽዋው ባዶ ቢሆንም በቀኑ መገናኘቱ፣ ሰንበቴው ቈሎም ቢሆን ይዞ መምጣቱ፣ የሞተውን ሰው ጐረቤቱ ጉልበት አንሶትም ቢሆን ተሸክሞ ከደጀ ሰላም ማድረሱ፣ ቄሱ ራሱ ተርቦ ፍትሐት ማድረሱ ነው። እነዚህ ነገሮች ረኃቡን አላስቆሙትም፤ ይህን አለማለት ሐሰት ይሆናል። ረኃብን የሚያስቆመው መንገድ፣ እህል፣ መድኃኒት፣ የሚጠየቅ መንግሥትም ነው። «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚለውን ቃል የሰው ግዴታ መሸፈኛ ያደረገ ሹም በየዘመኑ ነበር፤ ያም እምነት ሳይሆን ስንፍና ነው። ይሁንና ማኅበሩ ያደረገው አንድ ነገር አለ። ሰው በረኃብ ቢሞትም ሰው ሆኖ፣ ስሙ ተጠርቶ፣ አፈር በወግ ለብሶ እንዲሞት አደረገ። ለዚህም በራስ መጨከን ያስፈልግ ነበር።

በዘመናችንም ይህ ተደግሟል። በሰሜኑ ጦርነት ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ላሊበላ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች። የሰሜን ወሎ ወረዳዎች የጦር ሜዳ ሆኑ። በላሊበላ መብራት ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ፣ በእንግዳ የሚኖረው ሕዝብ እንግዳ አጣ። ይሁንና ማዕጠንቱ አልተቋረጠም። ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም. የልደት በዓል በላሊበላ ተከበረ። ካህናቱ እንደ ልማዳቸው ከቤተ ማርያም ዙሪያ፣ ከዐለቱ አፋፍ ላይና ከታች ከቅጥሩ ውስጥ ሆነው ቤዛ ኩሉን በቅብብሎሽ ወረቡ። ክፉው ዘመን በዚያ አላበቃም፤ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. መጨረሻ እንደ ገና በከተማይቱ ተኩስ ተሰማ። በሁለቱም ጊዜ ከስፍራቸው ያልተነቃነቁ ካህናት፣ ጐረቤታቸውን ያስጠለሉ እናቶች፣ ያላቸውን ቆንጥረው የሰጡ ሰዎች ነበሩ። ስማቸው በጋዜጣ አልወጣም። ያ ጦርነት በየወገኑ ያሰለፋቸው ብዙዎቹ ወጣቶች በአንድ ቅዳሴ የሚያስቀድሱ፣ አንገታቸው ላይ አንድ ዓይነት ማዕተብ ያሰሩ መሆናቸውን ስናስብ ደግሞ፣ መለኪያው እንደ ገና ወደ እኛ ይመለሳል። ማዕተብ ያሰረ ሁሉ በራሱ የጨከነ አይደለም።

ማጠቃለያ

ለመድረክ የሚጽፍ ሰው ስለ ላሊበላዋ መነኩሲት ሲያነብ መጀመሪያ የሚያስበው እሳቱን ነው። ብርሃኑ፣ ጩኸቱ፣ የሠራዊቱ ክበብ ለመድረክ የተሠሩ ይመስላሉ። ይህ ጸሐፊም አንድ ጊዜ በዚያ መንገድ ሊጽፈው ጀምሮ ትቶታል። ትዕይንቱ በደመቀ መጠን ሴቲቱ እየጠፋች ሄደችበት። ኋላ እንደ ተረዳው ክብደቱ ያለው ከእሳቱ ነበልባል ላይ ሳይሆን፣ ከመነሣቷ በፊት ባለችው በዚያች አጭር ጊዜ ላይ ነው። አለቃው እኔ እገባለሁ ብሏል። ሁሉም ሰምቷል። እርሷ ዝም ብላ ብትቀመጥ የሚወቅሳት አልነበረም፤ ማንም ስሟን አልጠራም። ተነሣች።

ከእሳቱ ከወጣች በኋላ ያለውን ሕይወቷንም ማሰብ ይገባል። ሰማዕትነቷ በዚያው ቀን ካልተፈጸመ፣ ፊቷ ተቃጥሎ ኖራለች። ውኃ ስትቀዳ፣ ከቅዳሴ ስትቆም፣ ያን የተቃጠለ ፊት ያዩ ልጆች ምን ሆነሽ ነው ብለው ይጠይቋት ነበር ብንል የሚያስደንቅ አይሆንም። ለላስታ ሕዝብ እንደ ገድል የሚነበብ መጽሐፍ የሆነችው ያኔ ነው።

ዛሬም ታኅሣሥ ሲጋመስ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ዓመት፣ ከየአቅጣጫው የሚነሡ ተሳላሚዎች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ስንቃቸውን በትከሻቸው አንግተው ወደ ላሊበላ ይጓዛሉ። ከምሥራቅ የሚመጡት የግዳንን ደጋ ያቋርጣሉ። ብርዱ ያው የጥንቱ ብርድ ነው። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ሴቶች፣ ብዙዎቹ አሮጊቶች፣ ቆብ የደፉ መነኮሳይያትም ናቸው። የመንገዱ ዳር ሰው ማደሪያ ሲሰጣቸው ከየት እንደ መጡ ይጠይቃቸዋል፤ ስማቸውን ግን ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። «እማሆይ፣ ይግቡ፤ እሳቱ ዳር ይቀመጡ» ይላቸዋል።